ጎረምሳ ፍለጋ

በሃያ ዓመቴ ስለ ጉርምስና ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ዲላ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ነው። በበጋ ዲላ ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ በክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ኮሌጅ እማራለሁ። ይህን ያህል አዋቂ ነኝ እያልኩ ታዲያ የጎረምሶች ሥነ ልቦና የሚባለውን ትምህርት ወደቅሁ።

አስተማሪያችን ከውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ሰው የሚያርዱ ሰው ነበሩ። የጥናት ወረቀቴን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ «አንተ የጻፍከው መጽሐፉን ነው፤ መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ» አሉኝ። «ለሚመጣው ክረምት አንድ በሕይወት ያለ ጎረምሳ አጥንተህ አምጣ። ካልሆነ አንተም አትምጣ።» ቀልድ አልነበረም። ሁለቴ የወደቀ ይባረራል። ጥናቱ ደግሞ ደንብ አለው፦ የልጁን ጠባይ ዓመቱን ሙሉ መከታተል፣ ቤተሰቡን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ዳይሬክተሩን ማህተም ማስመታት። ስም አይጻፍም።

መስከረም ላይ ዲላ ተመልሼ የክፍሌን መዝገብ ገለጥኩ። ሁሉም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የተወለደበትን ዓመት ለማያውቅ ሁሉ አሥራ አምስት ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በላይ አይጨነቅም። ጺሙን የሚላጭ ተማሪ እንደነበረኝ አልክድም። እኔ ግን መዝገብ ካለ መዝገብ ነው ባይ ነበርኩ።

የመረጥኩት ሦስተኛው ረድፍ ላይ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጠውን ነው። ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከወናጎ በኩል በእግሩ እየመጣ የሚማር የጌዴኦ ልጅ። መጽሐፉ ያለው ምልክት ሁሉ አንድም ሳይጎድል ተሟልቶበታል። ኅዳር ሲገባ ይቀራል፤ «ከትምህርት መኮብለል» ብዬ ጻፍኩ። የቡና ለቀማ ወቅት መሆኑን አገር ያውቃል፤ መጽሐፉ ግን ስለ ቡና ምንም አላለም። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ በመስኮት እያየ በረጅሙ ይተነፍሳል። ምን እንደሚያሳስበው ብጠይቀው፣ «የቤት ነገር ነው ቲቸር» አለኝ። «ከቤተሰብ ጋር ግጭት» ብዬ ሁለቴ አሰመርኩበት። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ነው የምናገረው።

በዚህ ብተው ምን ነበረበት። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አስቀርቼው መከርኩት። ድምፁ ቢጎረንን እንዳይደነግጥ፣ ሰውነቱ ላይ ፀጉር ቢያይ የተፈጥሮ መሆኑን፣ ሴት ልጅ ስታልፍ ልቡ ቢመታ እንዳያፍር ዘርዝሬ አስረዳሁት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር፣ እጠነቀቃለሁ» አለና ሄደ። ያን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን ጆሮዬ ይግላል።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡን ልጠይቅ ተነሳሁ። ቡና በጫነ መኪና ወናጎ ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ እሱ እየመራኝ በእንሰቱና በቡናው መሐል ሽቅብ ወጣን። የለበስኩት ያን ጊዜ የመጣውን ከታች ሰፊ ሱሪ ነበር። ጭቃውን እየጠረገ ስለሄደ እዚያ ስደርስ ከጉልበቴ በታች ያለው ጨርቅ ይሁን መሬት አይለይም። ልጅ ያዘለች ሴት እግሬን የምታጠብበት ውሃ አቀረበችልኝ። «እህትህ ናት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የቤት ሰው ናት» አለኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች እግሩ ላይ ተጠምጥመዋል። ታናናሾቹን እንደሚወድ በማስታወሻዬ ያዝኩለት።

አባቱ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ አዛውንት ናቸው። ቆጮ በጎመን ከበላን በኋላ ፎርሙን አወጣሁ። አዛውንቱ አማርኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚው ተጠኚው ራሱ ነው። ደህና ይተኛል ወይ አልኩ፤ ይተኛል አሉ። ይበላል ወይ አልኩ፤ እያዩት አይደለም ወይ አሉ። ሦስተኛውን አነበብኩ፦ «ልጅዎ ይታዘዝዎታል ወይስ ያምፅብዎታል?» ልጁ ተረጎመው። አዛውንቱ ድገመው አሉት፤ ደገመው። ተነሱ፣ በትራቸውን ያዙ፣ ወጥተው ሄዱ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

«ሰው ሊጠሩ ነው ቲቸር። እኛ ጋ አስተማሪ እቤት ድረስ መጥቶ ልጅህ አምፆብሃል ወይ ካለ፣ ከሰሰኝ ማለት ነው። ክስ ደግሞ ሶንጎ ነው የሚሰማው።»

ሶንጎ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ቤት ነው፤ ነገር የሚቆረጠው እዚያ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው አይዋሽም፤ የዋሸም ለራሱ ይፍራ ይባላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ ከሳሽ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ። ተማሪዬ ተከሳሽም አስተርጓሚም ሆኖ መሐላችን ቆመ።

«ምን በደለህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

በዚህ ዕድሜው ላይ ያለ ልጅ ጠባዩ ስለሚለዋወጥ ላጠናው ነው አልኩ። ልጁ ይህን ሲተረጉም ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሁሉም የሸመገሉት፣ «የቱ ዕድሜው?» አሉ።

አሥራ አምስት ስል ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ተማሪዬ መተርጎሙን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ ቁጥሩን በትክክል አላውቀውም፤ ከሠላሳ ግን አላንስም» አለኝ። «ውሃ የሰጠችዎት ሚስቴ ናት። ሦስቱም ልጆቼ ናቸው። ባለትዳር በቀን ትምህርት ቤት አይማርም። ዳይሬክተሩ ከሰሙ የሚኒስትሪ ፈተናዬን ሳልፈተን ያባርሩኛል። እዚህ ቤት ስለማይዋሽ ነው የነገርኩዎት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ስለ ፀጉር የመከርኩት ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣብኝ ግን የራሴ ነገር ነው፦ ወረቀቱ ማህተም የሚመታው ዳይሬክተሩ ጋ ነው። ስም ባይጻፍበትም፣ እውነቱን ከጻፍኩ ዳይሬክተሩ ማንነቱን አያጡትም፤ እሱ ይባረራል። ካልጻፍኩ እኔ እባረራለሁ። ትልቁ ሽማግሌም ፊቴን አይተው ይኸው የገባቸው ይመስለኛል፤ «ወረቀትህ የሚፈልገው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አነበብኩላቸው። ቶሎ ይቆጣል። መስተዋት ያበዛል። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ይመስለዋል። የሚረዳኝ የለም ይላል። በአለባበስ ከአባቱ ጋር ይጣላል። ተማሪዬ አንድ በአንድ ሲተረጉም ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሱሪዬን፣ ቀጥሎ ያበጠርኩትን ጎፈሬ፣ በመጨረሻ ፊቴን ማየት ጀመሩ።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ።»

«አባትህ አሉ?»

«አሉ። ዲላ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ።»

«መቼ አየሃቸው?»

ያ ቤት ደግሞ አያስዋሽም። ሦስት ወር ሆነኝ አልኩ። በሱቃቸው በር ላለማለፍ በእስር ቤቱ በኩል ዞሬ ነው ትምህርት ቤት የምገባው። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ሱሪውን አሳየኋቸው። አባቴ በደንበኞቻቸው ፊት፣ «በዚህ ጨርቅ እኔ ሁለት ሰው አለብስበታለሁ» ብለውኝ ነው ቤቱን ጥዬ የወጣሁት። አሁን ሳቁ። ተማሪዬም ሳቀ፤ ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ፍርዱ አጭር ነው። በሽተኛው ይህ ሰውዬ አይደለም፤ ከሳሹ ነው። አባቱ ዘንድ ሄዶ ይታረቅ። ብቻውን ከላክነው ተመልሶ በጓሮ ይዞራልና ትልቅ ሰው አብሮት ይሂድ። ትልቅ ሰው ተብሎ የተላከው ተማሪዬ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ አብረን ሄድን። ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ አባቴ ፊት ቆሞ፣ በዚያ በጌዴኦ ዜማ በሚሄድ አማርኛው እንደ ሽማግሌ ወግ ለመነልኝ። እኔ ጨርቅ ጥቅል ተደግፌ ጫማዬን አያለሁ። አባቴ ነገሩን ሁሉ ካስጨረሱት በኋላ፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አሉና አቀፉኝ። አለቀስኩ። ተማሪዬ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረልኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍል ውስጥ አንተ ልለው አፍ አጣሁ፣ እርስዎ እንዳልለው ክፍሉ ይስቃል፤ ዓመቱን በጣት እየጠቆምኩ ጨረስኩት።

ጥናቱን ስለ ራሴ ጻፍኩት። ስም የለውም፤ «ተጠኚው» ነው የሚለው። ዳይሬክተራችን ማህተሙን ከመምታታቸው በፊት ቁጭ ብለው አነበቡትና፣ «ይህ ባለጌ እኔ ትምህርት ቤት ነው ያለው? ስሙን ንገረኝ፣ ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ» አሉ። ለራሴ ግማሽ ሰዓት ለመንኩ። ከቤቱ ጋር ታርቋል፣ ልብ እየገዛ ነው፣ ዕድል ይሰጠው አልኩ። እያጉረመረሙ መቱልኝ። ተማሪዬም ሰኔ ላይ ፈተናውን ተፈተነ።

ሐምሌ ላይ አስተማሪያችን ወረቀቶቹን ሲመልሱ የእኔን ለብቻው አስቀሩት። እንደ ባለፈው በሁለት ጣት ሳይሆን በሙሉ እጃቸው ይዘውታል። «ይህ በሕይወት ያለ ነው» አሉ። «አልፈሃል። ነገር ግን ልጁ አሳስቦኛል። ትዕቢቱ ብዙ ነው፤ አጠገቡ ትልቅ ሰው ከሌለው ይበላሻል። የሚመክረው አለ?»

«አለው» አልኩ።

«ማን ነው? አባቱ? አስተማሪው?»

«አይደለም» አልኩ። «ተማሪው ነው።»