እትዬ መስመርና ሩቋ ክሊኒክ

የሆስፒታላችንን ኔትወርክ የምንጠብቀው ሦስት ነን፤ አለቃችን፣ እኔና እትዬ መስመር። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ይመስለኛል። ወጣት ሳሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ገመድ እየነቀሉ፣ ገመድ እየሰኩ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ሥራውን ማሽን ሲወስደው ጓደኞቻቸው ሱቅ ከፈቱ፣ እሳቸው የኮምፒውተር ትምህርት ገቡ። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በሁለት ጣት ይጽፋሉ። እኔ በአሥር ጣቴ የምሳሳተውን ያህል ግን አይሳሳቱም፤ ይህን የምናገረው እየመረረኝ ነው።

ስድስት ክሊኒኮች አሉን። የሁሉም ሩቅ የሆነችው፣ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስባት፣ አንዲት የራጅ ክፍል አላት። የራጅ ባለሙያዋ ታነሳለች፣ ፎቶው በኔትወርክ ይመጣል፣ እዚህ ያሉት ሐኪም ያነቡታል። ጣጣው የዚያ ክሊኒክ ራውተር፣ መልእክቱን በየመንገዱ የሚመራው መሣሪያ ነው፤ አርጅቷል። ኔትወርኩ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ራውተር የሌሎቹን መንገድ ሁሉ በካርታ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። የትም ይሁን የት አንድ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ያ ምስኪን ካርታውን እንደገና ያሰላል፤ ሲበዛበት ድርቅ ብሎ ይቆማል። በአንድ ወር አምስት ጊዜ ቆመ። አስተዳደሩም ቁርጡን ነገረን። በመጪው ወር አንድ ጊዜ እንኳ ከቆመ የራጅ ክፍሉ ይዘጋል፤ ክንዱ የተሰበረ ሁሉ ሁለት አውቶቡስ እየተሳፈረ እዚህ ይመጣል። አዲስ ራውተር እንዳይገዛ በጀት የለም።

አለቃችን ቀና ሰው ነው፤ ግን መሣሪያ ሁሉ ሁሉን ማወቅ አለበት ባይ ነው። እትዬ መስመር ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ትንሽ ጣቢያ ስሠራ የአገሩ ስልክ ማውጫ አልነበረኝም። የሰፈሬን አርባ ስልክ አውቃለሁ፤ ሌላውን የጠየቀኝን ሁሉ ለማዕከሉ እሰጣለሁ። ማዕከሉ ሲታመስ እኔ ሻይ እጠጣ ነበር።»

ራውተሮችም እንዲህ ያለ አሠራር አላቸው። ክሊኒኳ ብቻዋን አንድ ክልል ትደረጋለች፤ ስተብ ይሉታል። የሌላው ሰፈር ወሬ ማዕከሉ በር ላይ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የማታውቀውን ሁሉ ወደዚህ ላክ። አለቃችን ሌላ መላ ስላልነበረው እሺ አለ።

ሰኞ ቀትር ላይ ለወጥነው። አሮጌው ራውተር እፎይ አለ፤ እኛም እፎይ አልን። ሰዓት ሳይሞላ ሐኪሞቹ የደም ምርመራ ውጤት ጠፋብን ብለው ጮኹ። ለካ ክሊኒኳ ከመንገድ ማዶ ካለ የግል ላቦራቶሪ ጋር የራሷ መስመር ኖሯታል፣ ውጤቱም የሚመጣው በዚያ ነው፤ ስተብ የሆነ ክልል ደግሞ በጎኑ ያገኘውን የውጭ መንገድ ለማንም ማሳወቅ አይፈቀድለትም። የኔትወርኩን ሥዕል የሣልኩት እኔ ነበርኩ። ያቺን መስመር የዘለልኳትም እኔው። አለቃችን ወደነበረበት መልሱት አለ፤ ወደነበረበት መመለስ ማለት ግን ራውተሩ እስኪቆም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እትዬ መስመር ማን እንደዘለለ አልጠየቁም። አሥር ደቂቃ ብቻ ለመኑ። በእሳቸው ጊዜ በማዕከሉ ሳያልፍ ከፋብሪካ ጋር ቀጥታ ሽቦ ያላት ጣቢያ ነበረች። ኦፕሬተሯ ያንን በተለየ ወረቀት ጽፋ ለማዕከሉ ትልካለች፤ ማዕከሉ በራሱ መዝገብ ገልብጦ ለሁሉም ያሳውቃል። ለራውተርም እንዲህ ያለ የክልል ዓይነት አለ፤ የውጭ ወሬ አይሰማም፣ የራሱን የውጭ መንገድ ግን በልዩ መልእክት ይናገራል። ሁለቱም ወገን በዓይነቱ ካልተስማሙ ሰላምታም አይለዋወጡም። ስለዚህ እሳቸው በማዕከሉ በኩል፣ እኔ በክሊኒኳ በኩል እኩል ጻፍን። ውጤቱ ተመለሰ። አለቃችንም መልሱት ያለውን ተወው።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መንገድ ቆፋሪዎች ገመድ በጠሱ። የሌሎች ሦስት ክሊኒኮች መስመር ሲነሳ ሲወድቅ፣ ሲነሳ ሲወድቅ ሁለት ሰዓት ሞላ። የሁለቱ ራውተር ቆመ። ስክሪናችን በቀይ ተሞላ፣ ስልኩም የእግር እሳት ሆነብን። እትዬ መስመር የሩቋን ክሊኒክ ስም በስክሪኑ ላይ መፈለግ ፈርተው ጀርባቸውን ሰጡት።

ከዚያ እሷው ደወለች፤ የራጅ ባለሙያዋ። እትዬ መስመር ስልኩን አነሱ።

«እትዬ፣ አሁን የላክሁት የክንድ ፎቶ ደረሰ?»

አለቃችን ስክሪኑን አየና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ደርሷል፣ የኔ ልጅ» አሉ።

«ድምፅዎ ምነው? የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

እትዬ መስመር ዞረው ቀዩን ስክሪን አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቁ ነበር።

«እናንተ ጋ ምንም የለም» አሏት።

«በሉ እንግዲህ፣ ሰው ተሰልፎብኛል» አለችና ዘጋችው።