አሮጊቷ ሳትወርድ

«ተራራው ነጭ ለብሶ ሙሽራ መሰለ፣
ልቅረበው ወይ ብዬ…»

ክሬሴንስ ከዚህ በላይ ቃሉ አይመጣላትም። ቀሪውን በእምም እምም እያለፈች በረዶውን ጨበጥ አደረገችው፤ ውሃው በጣቶቿ መሃል ተንጠባጠበ። ሌሊቱን ደመና እንደ ጋቢ ተራራውን ሸፍኖት ስላደረ በረዶው አልጠጠረም፤ ያልጠጠረ በረዶ ደግሞ ይናዳል።

እኛ በስዊስ ተራሮች የምንኖር ዋሊሶች ፀደይ በመጣ ቁጥር ከመንደራችን በላይ ካለው ፈፋ የሚወርደውን የበረዶ ናዳ «አሮጊቷ» እንለዋለን። እሷ ሳትወርድ የማንም ልብ አያርፍም። ዘንድሮ ቆየች። አሮጊቷ የምታቋርጠውን የመኪና መንገድ የምትዘጋውም የምትከፍተውም ክሬሴንስ ናት። ዛሬ ደግሞ የገዛ ልጇ የቴዎዱል ሠርግ ነው፤ ሙሽራይቱ ፊሎሜና ከነዘመዶቿ መንገዱን ከዘጋው ኬላ ወዲያ ማዶ ቆማለች።

«እማዬ፣» አለ ቴዎዱል ክራባቱን እያላላ፣ «አንዴ ላጥ ብለው ያልፋሉ እኮ!»

«አሮጊቷም ላጥ ማለት ታውቅበታለች።»

«ቄሱ ሰለቻቸው!»

«ይጸልዩ። ሥራቸው አይደል?»

ስልኳ ጮኸ። የሙሽራይቱ አባት አልዊን ናቸው። «ስሚ አንቺ ሴትዮ! ልጄን ካልፈለግሻት ቁርጡን ንገሪኝ፤ በበረዶ አታመካኚ!»

«የከለከልኳት ስለምወዳት ነው፤ ይታገሡኝ፣» አለች።

ቀኑን ሙሉ ከኬላው ወደ ፈፋው፣ ከፈፋው ወደ ኬላው ስትመላለስ ዋለች። ከዳገቱ ብርቱካን የሚያካክሉ የበረዶ ድቡልቡሎች ይንከባለላሉ። ዓይኗን ከላይ አትነቅልም። አሮጊቷ ግን የለችም። ሠርገኛው አጉረመረመ፤ ልጇም ፊቱን አዞረባት። ባትመጣስ? የልጄን ቀን በከንቱ አበላሽቼው እንደሆነስ?

ወደ ማታ ሰማዩ ጠራ። ፀሐይ ከዳገቱ ሸሸች፤ ብርዱ ጆሮ ይነክስ ጀመር። ቀን እስከ ጉልበቷ ሲውጣት የዋለው በረዶ አሁን እንደ ድንጋይ ተሸከማት። ቢሆንም አልቸኮለችም፤ የመጨረሻው ድቡልቡል እስኪቆም ጠበቀች። ከዚያ ኬላውን አነሳች።

«አንድ በአንድ! ተራርቃችሁ!»

ፊሎሜና አለፈች። ክሬሴንስ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችና ለሚቀጥለው መኪና መልሳ ያዘችው። አልዊን መጨረሻ መጥተው፣ መሃል መንገድ ላይ መስኮት ከፍተው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ክሬሴንስ ጮኸችባቸው፦

«ይንዱ! ከተሻገሩ በኋላ ይስደቡኝ!»

ቃል ኪዳኑ ታሰረ። በግብዣው አዳራሽ ቴዎዱል ወንበር ሳበላት። «ተቀመጪ እንግዲህ፣ እማ።» ድንች ላይ የቀለጠ አይብ አቀረቡላት። አሮጊቷ እንደሆነች አልወረደችም፤ ነገም ፀሐይ ትወጣለች። ክሬሴንስ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ጎረሰችም።