ሙሄና የዐይን ቆብ መርፌ

ሙሄ ከወሎ ቃሉ ተነሥቶ፣ ሱዳንን በእግሩም በጭነት መኪናም አቋርጦ ካይሮ፣ አዝሃር የእስልምና ትምህርት ቤት የገባ ደረሳ ነው። በመንገድ ላይ ጅብ አባሯል፤ ወባ ይዞት ድኗል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ግን በቀኝ ዐይኑ ቆብ ላይ አንዲት እባጭ ወጥታ ኑሮውን አመሰቃቀለችው። መጀመሪያ ስንዴ ታክል ነበር፤ በወሩ ሽምብራ አከለች። ባታመውም ቆቡን ቁልቁል ትጎትተዋለች። ትራም ላይ ሰው ባየ ቁጥር የጠቀሰ ይመስላል። አንዲት ወይዘሮ በዘንቢሏ ደረቱን ገፍታ፣ "ደግሞ ጥምጣም ጠምጥመሃል" ካለችው ወዲህ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

ቤት አከራዩ ወይዘሮ፣ ሲት ነዒማ፣ "ማሌሽ፣ አይዞህ፣ ትኩስ የተቀቀለ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝበት" አለችው። ጠዋትና ማታ ያዘበት። እንቁላል መጣል ነውር ነውና ይበላው ነበር። በሁለት ወር እባጯ እንዳለች ቀረች፤ ሙሄ ወፈረ።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ቆቡን ገልብጦ አየና፣ "የቅባት ዕጢ ተደፍኖ ነው። ቀድደን እናወጣዋለን። ካልሆነም አዲስ መላ አለ፤ ኮርቲዞን የሚባል እብጠት የሚያሟሽሽ መድኃኒት እዚያው እባጯ ውስጥ በቀጭን መርፌ እንሰጣለን። በላይ በኩል ከወጋሁህ ጠይም ቆዳህ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል፤ ስለዚህ ከውስጥ በኩል ነው" አለው።

ሙሄ "ከውስጥ" የምትለዋን ሲሰማ ተነሣ። "ነገ እመለሳለሁ፣ ኢንሻላህ" ብሎ ወጣ።

ከበሩ ውጭ ሱዓድ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ተራ ትጠብቃለች። እሷም ግራ ዐይኗ ላይ እባጭ አለባት። ቀና ብላ፣ "ሸይኽ፣ ያማል?" አለችው።

ያማል ቢላት ልጅ ማስፈራራት ነው፤ አያምም ቢላት ውሸት። አላውቅም ቢል ደግሞ ፈርቶ መውጣቱ ሊታወቅበት ነው።

"ቆይ፣ አጣርቼ ልንገርሽ" አለና ተመለሰ።

የማደንዘዣ ጠብታ ተደረገለት፤ መርፌው ገባ፣ ወጣ። ሙሄ ላቡን እየጠረገ ብቅ አለ።

"እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው" አላት። "ትንሽ ድምፅ አሰምቼ ሊሆን ይችላል።"

"ሰምተናል" አለች ሱዓድ። እናቷ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ልጅቱ ገብታ ትንፍሽ ሳትል ወጣች።

በሁለት ሳምንት የሱዓድ እባጭ ጠፋች። የሙሄ ግን በግማሽ ብቻ ስለሟሸሸች ሁለተኛ መርፌ አስፈለገው። ልትታይ የመጣችው ሱዓድ በር ላይ አገኘችውና፣ "አብሬህ ልግባ?" አለችው።

ሙሄ ኮራ ብሎ እምቢ ሊላት አስቦ ነበር።

"ግቢ" አላት።

እጁን ያዘችለት። ሐኪሙም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ወር ሳይሞላ እባጯ የነበረችበት ቦታ እንኳ አይታወቅም ነበር።