ሰው የማይበዛበት ባሕር

ባሌ ባሕር ዳርቻ እንሂድ ሲለኝ መጀመሪያ ያልኩት «ለምን?» ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ዕረፍት ወስዶ አያውቅም፤ የምንኖርበት ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ነው የሚውለው። ጋልቬስተን የሚባለው ባሕር ዳር ቢል ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ ሐበሻ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ያለች ትንሽ ከተማ መርጧል። ስሟን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሰው አይበዛባትም አለኝ። ፕሌኖ የምትኖረው ታላቅ እህቱም አብራን እንደምትሄድ ጨመረልኝ። እሷ ደግሞ ሰው ካልታመመ ወይም ካልሞተ በቀር ከቤቷ የማትወጣ ሴት ናት።

ወዲያው ጠረጠርኩ። እናቴ ሞታለች።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ በስልክ አይነገርም። ቅርብ ሰው ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛው ሳያውቅ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፣ ቦታ ይመረጣል። ችግሩ እዚህ አገር ቦታው ነው። አምና አፓርትመንታችን ውስጥ ለአንዲት ጎረቤቴ የወንድሟን ሞት ሲያረዷት፣ ከላይ የሚኖሩት ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ ከለቅሶው መሃል ቆመው ማን ማንን እንደመታ ሲጠይቁ ያስረዳቸው ባሌ ነው። ከእንግዲህ አፓርትመንት ውስጥ መርዶ መነገር የለበትም ያለውም ያን ቀን ነው። ስለዚህ ሰው የማይበዛበት ባሕር ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። እንደ ልቤ የምጮህበት ቦታ ተፈልጎልኛል።

ስድስት ሰዓት መንገድ ሙሉ ሁለቱን ስሰልል ነበር። እህቱ ሆድሽ ባዶ ነው እያለች ሙዙን፣ ቆሎውን፣ ሳንድዊቹን ታቀብለኛለች። ቤንዚን ልንቀዳ ቆመን ሁለቱ ውጭ ሲንሾካሾኩ አየሁና ወረድኩ፤ ሲያዩኝ ወሬ ቀየሩ። ከቦርሳዋ ሶፍት እንዳወጣ ስትነግረኝ ደግሞ ከሥር የታጠፈ ጥቁር ልብስ አገኘሁ። ምንም እንዳላየ ሰው መልሼ ዘጋሁት። ስልኬን ሳወጣ ባሌ በመስታወቱ አየኝና፣ «ቤቢ፣ ስልኩን ተዪው፤ ትንሽ ሪላክስ አድርጊ» አለኝ።

ተውኩት። ደውዬ ማረጋገጥ እችል ነበር፤ ግን ፈራሁ። ካልደወልኩ እናቴ ቢያንስ እስከ ባሕሩ ድረስ በሕይወት አለች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ውሃው ሄድን። ቦታው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። መኪና አሸዋው ድረስ ስለሚገባ ጓዝ ተሸክሞ መንከራተት የለም። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ሩቅ ድረስ ከጉልበት ስለማያልፍ እንደኔ ዋና የማይችል ሰው ይደፍረዋል። ከእኛ ሌላ የነበሩት ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱም በጣም ሩቅ። እኔ ግን ይህን ሁሉ በጥርጣሬ ነው ያየሁት። ጥልቀት የሌለውን ውሃ የመረጡት ራሴን እንዳልጥል ነው አልኩ። ሽማግሌው ከዚያ ርቀት ጩኸቴን ሰምተው ፖሊስ አይጠሩም አልኩ።

እህቱ ቦርሳዋን ከፍታ ጥቁሩን ልብስ አወጣች። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

«በቃ ንገሩኝ» አልኳቸው። «እናቴ መቼ ነው የሞተችው?»

ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ባሌ አጠገቤ ተንበርክኮ ማን እንዲህ እንዳለኝ ጠየቀኝ። እህቱ ልብሱን ዘርግታ አሳየችኝ። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሙሉ እጅጌ የዋና ልብስ ነው።

«ቦታውን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች አፍራ። «ይሄን ዕድሜ ስኖር ባሕር ገብቼ አላውቅም። ሐበሻ እንዳያየኝ ብዬ ነው።»

ባሌም ሌዊስቪል ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ስንት ወር ሙሉ ደብል ሺፍት እንደሠራሁ፣ የፊቴ መጎሳቆል እንዳሳሰበው ነገረኝ። አላመንኳቸውም። መርዶ የያዘ ሰው መጀመሪያ መካዱ ያለ ነው። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። አዲስ አበባ ሊመሽ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል ተነሳ።

«አቤት» አለች እናቴ።

ድምጿን ስሰማ ለሞቷ ያጠራቀምኩት ለቅሶ ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። እሷም ለቅሶዬንና የባሕሩን ነፋስ ሰማች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም እንዳልሞተ፣ ሁላችንም ደህና እንደሆንን፣ ለመዝናናት ባሕር ዳር እንደመጣን ነገርኳት። ባሌን አገናኘኋት፤ እሱም ማለላት። ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ድምጿ ቀጥኗል።

«ታዲያ ለምን ደወልሽ?»

«ዝም ብዬ ነው እማዬ። እንዴት ነሽ ልልሽ ነው።»

«ልጄ፣ አትደብቂኝ» አለች። «አንቺ ዝም ብለሽ ደውለሽልኝ አታውቂም።»