አክስቴና የስለላው መጽሐፍ ሾፌር

አክስቴ ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ከሺንሺቾ ወደ ሆሳዕና አመጣናትና እኛ ዘንድ መኖር ጀመረች። ዕድሜዋን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት ናት። ከልብሷ ጋር ሽፋኑ የተላቀቀ የድሮ የእንግሊዝኛ የስለላ ልብወለድ ይዛ መጥታ ነበር፤ ተማሪ ሳለች የወደደችው መጽሐፍ ነው። «አንብቢልኝ» አለችኝ። ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ እየተቀመጥን ማንበብ ያዝን።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ሲያባራ፣ ጓሮ ያለው እንሰት ውሃውን ቀስ እያለ ያንጠባጥባል፤ ጉሙ ወርዶ አጥሩን ይሸፍነዋል። መጽሐፉም እንደዚያው ነበር። ደራሲው በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው የሚጽፈው፦ እርጥብ የወደብ ድንጋይ፣ ባሕሩ ላይ የሚንቀጠቀጥ የፋኖስ ብርሃን፣ ሲጋራውን ሳይለኩስ የሚጠብቅ ሰላይ። ቀና ስል ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው በጉሙ ውስጥ ያልፋሉ፤ መንገዱ ባሕር ይመስለኛል። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና «እሷን መስመር ድገሚልኝ» ትላለች። እደግምላታለሁ።

ከዚያ ሾፌሩ መጣ። ሰላዩን ይዞ የሚዞር ጥቁር ሰው ነው። ደራሲው ለፋኖሱ ብርሃን ያልነፈገውን ጥንቃቄ ለእሱ ነፈገው። በከንፈሩና በላቡ ሽታ ገለጸው፤ ፍርሃቱን የከብት ፍርሃት አደረገው፤ ሲናገርም ፊደሉን እያጣመመ ሰባራ እንግሊዝኛ አፉ ውስጥ ከተተበት። ገጹን ዘልዬ ቀጠልኩ።

«ዘለልሽ» አለች አክስቴ።

«ምንም የሚረባ ነገር የለበትም ብዬ ነው።»

«አውቀዋለሁ። አንብቢው።»

አነበብኩላት። «ያኔ ተማሪ ሳለሁ ሾፌሩን አላየሁትም» አለች። «እኔ ሰላዩ ነበርኩ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር የምሄደው። በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ በአማርኛዬ ሲስቁብኝ ነው ሾፌሩ ትዝ ያለኝ።»

ከዚያም የእሱን ንግግር ብቻ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አንድ መስመር ባነበብኩ ቁጥር እሷ ወደ አፍ መፍቻችን ወደ ከምባትኛ ትመልሰዋለች። በከምባትኛ አፉ ሰባራ አልነበረም። «በዚህ አንሂድ፤ ድልድዩ ጋ እየጠበቁን ነው፤ ስማኝ» የሚል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ትልቅ ሰው ሆነ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማን መጣ?» አለች።

«አንድ ሾፌር ነው» አለቻት አክስቴ።

በማግስቱ ባነበብነው ገጽ ላይ ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ተገደለ። ደራሲው በሁለት መስመር አለፈው፤ ሰላዩም ቁርሱን አዘዘ።

«ዝጊው» አለች። ጉሙን በደከመው ዓይኗ እያየች፣ «ባሕር ላይ ያለችውን መብራት እንዲያ አድርጎ ያየ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን እንዴት ማየት አቃተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደራሲው መጻፍ የማይችል ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር።

ለጥቂት ቀናት ሳናነብ ቆየን። ከዚያ ራሷ አምጪው አለችኝና ጨረስነው፤ ሰላዩ አሸነፈ።

በነጋታው ቁርስ ላይ ሕልሟን ነገረችን። ሾፌሩ በአገሯ፣ በዳምቦያ በኩል ይዟት ሲሄድ አድሯል፤ እሷም ከፊት፣ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር።

«ምን አወራችሁ?» አልኳት።

«ስለ ልጆቹ ነገረኝ» አለች። «ትልቋ ትምህርት ጨርሳለች።»