በክራር ቅኝት የተቃኘ ጊታር

ጊታሬን የቃኙልኝ አከራዬ ናቸው። ቡራዩ ውስጥ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» እያለ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ሰርግ ላይ ክራር ይመቱ ነበር። ያገለገለ ጊታር ይዤ ስገባ ክሮቹ ሁሉ ላልተዋል። ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙትና ክሩን ቆጠሩት።

«ክራርም ስድስት፣ ይሄም ስድስት፤ ምን ልዩነት አለው?» አሉና በትዝታ ቅኝት ጠበቅ ጠበቅ አድርገው መለሱልኝ። «ጋሪዳ! ጥሩ ነው፤ በል ምታው ልጄ።»

መታሁት። ኧረ እንዴት ያምራል! ምንም ሳልይዝ ባዶ ክሩን ብቻ ስገርፈው ሆዴ ባባ።

ጣጣው የመጣው ሮክ ልማር ስል ነው። ፋብሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ ስጭን የምውል ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬም እየሄደ ነው። ከዚያ የሚያወጣኝ ነገር ካለ ይሄ ጊታር ብቻ ነው ብዬ ነበር። ስልኬ ላይ በቪዲዮ ጊታር የሚያስተምረው ፈረንጅ «ኢ ማይነር» የሚባለውን ኮርድ በሁለት ጣት ይይዛል። እኔም እዚያው ክር ላይ፣ አንገቱ ላይ ፍሬት የሚሉት እዚያው ብረት ላይ እይዛለሁ፤ የእኔ ግን እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ያብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ፤ ስልኩን ረገምኩ፣ ኔትወርኩን ረገምኩ። ቅኝቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም። የኦቦን ጆሮ ማን ይጠረጥራል?

ስለዚህ የራሴን አያያዝ ፈጠርኩ። ዘፈኑን ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ከዚያ የሚመስለውን ድምፅ ክሩ ላይ እያሰስኩ አገኛለሁ። ሜጀሩም ማይነሩም የእኔ ብቻ ሆነ። አከራዬ በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሱሉልታ ያሉ ልጆች ጊታር የሚመታ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁ። ሮክ ይጫወታሉ፤ አዲስ አበባ መድረክ አግኝተዋል። በእረፍት ቀኔ ጊታሬን አቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ጓደኛህም ይከፍላል!» ብሎ ቀለደብኝ። ሳቅሁ፤ ያን ቀን በሁሉም ነገር እስቅ ነበር።

ልጆቹ ዘንድ ደርሼ ገና አንዴ ስገርፈው አንደኛው ልጅ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ! ማነው የቃኘልህ?»

ሌሎቹ ሳቁ። በክፋት ቢሆን እኮ እሳደብ ነበር፤ ግን በክፋት አልነበረም። ልጁ ስልኩ ላይ ያለውን መቃኛ እያየ ክሮቹን አንድ በአንድ በጊታር ቅኝት አስተካከለና መለሰልኝ። «በል አሁን ኢ ማይነር ያዝ» አለኝ። ጣቶቼ ወደለመዱት ቦታ ሄዱ። ጩኸት ሆነ። ፈረንጁ እንዳሳየኝ ስይዘው ልክ መጣ፤ ወይ ጉድ፣ ለካ ሰውየው እውነቱን ነበር! ዘፈኑ ሲጀመር ግን ጣቶቼ ተመልሰው የራሳቸውን ያዙ፤ እንደገና ጩኸት። «ሌላ ጊዜ ና፣ ብራዘር» አሉኝ። ሌላ ጊዜ እንደሌለ እነሱም እኔም እናውቃለን።

ቡራዩ ስደርስ አከራዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ሲጠብቁኝ እንደዋሉ ያስታውቃል።

«ማል ጄዳን? ምን አሉህ?»

«ጉድ የሠሩኝ አንቱ ነዎት» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን እንደ ልጅ ቋምጠው ነበር የሚያዩኝ፤ አቃተኝ።

«ማነው የቃኘልህ አሉኝ» አልኩ።

«አላልኩህም!» ብለው አጨበጨቡ። ከዚያ ጊታሩን ከእጄ ወሰዱና አንዴ መቱት፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ውይ! ምን አድርገውብህ ነው? አበላሽተውት የለም እንዴ!»

ቁጭ ብለው በትዝታ ይቃኙልኝ ጀመር። ሲጨርሱ ሰጡኝና መታሁላቸው፤ እንደ ድሮው ያምራል። በማግስቱ ጠዋት ቱቦ ልጭን ሄድኩ።