ለደንበኛ የተነገረ ምሥጢር

ፀጉር ሠሪዋና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጇ በወጉ ካወሩ ቆይተዋል። አንዷ አፏን ስትከፍት ሌላዋ ትቆጣለች፤ ነገሩ በኩርፊያ ያልቃል። እናት አንድ ቀን ቢመራት፣ የፈለግሽውን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም፣ ከእኔም አይወጣም ብላ ቃል ገባች።

ልጅቷ ሳምንት አሰበችበት። ከዚያ ልብስ እያጣጠፉ ሳለ ተናገረች፦ ጓደኞቿ ካገለሏት ወር አልፏል፤ ምሳዋን የምትበላው የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ፣ በር ቆልፋ ነው። እናት ምክር አላበዛችም። እጇን ይዛ ሰማቻት።

ልጇ ስላመነቻት የተሰማት ደስታ ግን ሆዷ ውስጥ አላድር አለ። ቅዳሜ የአንዲት ደንበኛዋን ፀጉር ስትጠቀልል፣ ሴትዮዋ ልጄ አታናግረኝም ብላ አማረረች። ፀጉር ሠሪዋ፣ የእኔዋ እኮ ምንም አትደብቀኝም አለችና የሽንት ቤቱን ነገር ለማስረጃ ያህል አወራችላት። አደራ ማለቱንም አልረሳችም። የሴትዮዋ ልጅ የዚያው ክፍል ተማሪ መሆኗን ታውቅ ነበር፤ በሰዓቱ ትዝ አላላትም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ልጆቹ የሽንት ቤቱን በር እያንኳኩ፣ ጨው እናምጣልሽ ወይ እያሉ ሳቁባት።

ልጅቷ ከነዩኒፎርሟ ፀጉር ቤት መጣች። ሦስት ሴቶች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል።

"እማዬ፣ ለማን ነው የነገርሽው?"

"እኔ? ለማንም።"

ልጅቷ፣ "መናገርሽ ሳያንስ ትዋሺኛለሽ?" አለችና ወጣች።

እናት ሁለት ቀን ስትሸሽ ሰንብታ በሦስተኛው ይቅርታ ጠየቀች፤ ሰበብ አልደረደረችም። ልጅቷ ከሳህን እጥበቷ ቀና አላለችም። "ይቅር ብዬሻለሁ። መንገር ግን ከእንግዲህ አልነግርሽም።"

እንዳለችውም አደረገች። እንዴት ዋልሽ ሲሏት "ደህና"፣ ምን ሆነሻል ሲሏት "ምንም" ነው። ፀጉር ሠሪዋ በደንበኛዋ ቂም ይዛ ፊት ነሳቻት፤ አደራዬን በላች እያለች ልታማት ስትጀምር ግን ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

ከወራት በኋላ ልጅቷ አክስቷ ቤት መመላለስ አበዛች። እዚያ ሳቋ እስከ ደጅ ይሰማል ተባለ። እናት ለእህቷ ደውላ ምን እንደምታወራት ጠየቀች።

"አልነግርሽም።"

"እህትሽ አይደለሁም?"

"ነሽ። ልጅቷ ያመነችው ግን እኔን ነው።"

እናት ተቀይማ ስልኩን ዘጋች። በማግስቱ መልሳ ስትደውል ስለ ወሬው ምንም አላነሳችም። "ብቻ ስትመጣ በጊዜ ሂጂ አትበያት" አለች።